የተሰበረ የመስኮት መስታወት ሲተካ፦ የትኛው መስታወት፣ በምን ተይዞ፣ በማን እጅ?

አዳማ ውስጥ የኖረ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን እያንከባለለ ይመጣል። ያልተቀረቀረ መስኮት አንዴ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ተመልሶ ይላተማል፣ ቀጥሎ ስብርባሪው ወለሉ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከከተማችን ወጣ ብለው በኮረብታው ላይ የተተከሉት ተርባይኖች ነፋሱ ምን ያህል እንደሆነ ይመሰክራሉ፤ አዳማ አንድ የተባለው የነፋስ ኃይል ማመንጫ 34 ተርባይኖች ይዞ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች ይዞ 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው ተሠርተዋል። ያ ነፋስ መብራት ይሰጠናል፤ የቤታችንን መስኮትም በየቀኑ ይፈትናል።

ይህንን ለመጻፍ የተነሳሁት የልጆቼ መኝታ ቤት መስኮት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ስለተሰበረብኝ ነው። የመጀመሪያው 3 ሚሊ ነበር። «ስስ ስለሆነ ነው» ተባልኩና 4 ሚሊ አስገባሁ። እሱም ከታችኛው ቀኝ ማዕዘን ጀምሮ ተሰነጠቀ። 5 ሚሊ ገዛሁ፤ ክረምቱ ሲወጣ ያው ማዕዘን፣ ያው ስንጥቅ። አራተኛውን ሊገጥሙ የመጡት በዕድሜ የገፉ ባለሙያ ግን ሜትራቸውን ከማውጣታቸው በፊት በካቻቢቴ ጫፍ የብረቱን ጥግ ጫር ጫር አደረጉት። ዝገቱ ቅርፊት ቅርፊቱን እየለቀቀ እንደ ፉርሽካ መስኮቱ ደፍ ላይ ተከመረ።

«ልጄ፣ ይህንን መስታወት ማንም አልመታውም» አሉኝ። «ብረቱ ነው የነከሰው።»

ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከበላው ብረት እጥፍ ድርብ ቦታ ይይዛል፤ ያ እብጠት መስታወቱን ከጎን ይገፋዋል። መስታወት ደግሞ ሲጫኑት እንደ እንጨት አይለምጥም፣ እንደ ብረት አይጎብጥም፤ በቃኝ ሲል ይሰነጠቃል። እኔ ውፍረቱን በጨመርኩ ቁጥር የምከፍለው ዋጋ ይጨምር ነበር እንጂ ችግሩ አልተነካም ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ነው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ውስጥ የማነጻጽራቸው አማራጮች ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማሉ፦ የቀድሞውን መስታወት ምን ሰበረው?

ስንጥቁን ማንበብ

ስብርባሪውን ሰብስበው ከመጣልዎ በፊት ፍሬሙ ላይ የቀረውን ክፍል አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ይመልከቱት። የሚቻል ከሆነም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ስንጥቆቹ ከአንድ ነጥብ ተነስተው እንደ ፀሐይ ጨረር ወደ ሁሉም አቅጣጫ ከተበተኑ የመታው ነገር አለ ማለት ነው፤ ኳስ፣ ድንጋይ፣ የበር እጀታ። የመታው ነገር ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ መስኮቱ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ፊት ለፊት ከሆነ፣ የመስታወቱ ዓይነት ራሱ መቀየር ይኖርበታል። አንድ ጊዜ የደረሰ አጋጣሚ ከሆነ ግን የነበረውን ዓይነት መልሶ መግጠም ይበቃል።

አንድ ረጅም ስንጥቅ ከማዕዘን ወይም ከጠርዝ ተነስቶ ወደ መሀል ከሄደና የተመታበት ምልክት ከሌለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፍሬሙ ነው። ወይ ዝገት አለ፣ ወይ መስታወቱ ሲቆረጥ ያለ ምንም ክፍተት ድፍን ብሎ ገብቶ ነበር፣ ወይ ማጠፊያው ላልቶ መስኮቱ ወደ አንድ ወገን ተንጋዷል። ብዙ ሰው «ልክክ ብሎ ገባ» የሚለውን የጥሩ ሥራ ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ለበር እውነት ነው፤ ለመስታወት ግን ልክክ ማለት የመሰበር ቀጠሮ ነው።

መስኮቱ በነፋስ ተላትሞ ከተሰበረ ደግሞ የጎደለው መንጠቆ ነው። ተከፍቶ ሲውል የሚይዘው፣ ተዘግቶ ሲያድር የሚቀረቅረው ነገር መኖሩን ይፈትሹ። ከ4 ሚሊ ወደ 6 ሚሊ ለማሳደግ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ለአንድ ጠንካራ መንጠቆ ቢያወጡት የበለጠ ያተርፋሉ። በዚህ ከተማ ይህንን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

አራተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርለትም፤ ሙቀት። ጥቁር ስቲከር የተለጠፈበት ወይም ቀለም ያለው መስታወት ፀሐይ ሲመታው መሀሉ ይግላል፤ ፍሬሙ ውስጥ የተደበቀው ጠርዙ ግን ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። መሀሉ ሊሰፋ ሲል ጠርዙ ይይዘዋል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ ከጠርዙ ቀጥ ብሎ ይነሳና ወደ ውስጥ ሲገባ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ከውስጥ በኩል ወፍራም መጋረጃ መስታወቱን ተለጥፎ ሲውል ችግሩ ይብሳል።

ውፍረት፦ 3፣ 4፣ 5 ወይስ 6 ሚሊ?

መስታወት ቤት ሲገቡ የሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። ለመወሰን ሁለት ቁጥሮች ይረዳሉ።

አንደኛው ክብደት ነው። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የተለመደውን 60 በ100 ሴንቲ ሜትር መስኮት ብንወስድ በ3 ሚሊ 4.5 ኪሎ፣ በ4 ሚሊ 6 ኪሎ፣ በ6 ሚሊ 9 ኪሎ ይሆናል። ይህ ሁሉ ክብደት የሚንጠለጠለው በሁለት ማጠፊያ ላይ ነው። ማጠፊያው ያረጀ መስኮት ላይ 6 ሚሊ መጫን መስኮቱን ያንጋድዳል፤ የተንጋደደ መስኮት ደግሞ ተመልሶ መስታወቱን ይሰብራል። በሀዲድ የሚንሸራተት የአሉሚኒየም መስኮት ላይም ተጨማሪው ክብደት ከታች ያሉትን ትንንሽ ጎማዎች ይፈጫቸዋል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ነው። ጥንካሬ ከውፍረት ጋር እኩል አይራመድም፤ ቀድሞ ይሄዳል። ከ3 ወደ 4 ሚሊ ሲያሳድጉ ክብደቱ በአንድ ሦስተኛ ብቻ ሲጨምር የነፋስ ግፊትን የመቋቋም አቅሙ ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ለዚህ ነው እኔ ቤት 3 ሚሊ የማይገባው። የቁም ሳጥን መስታወት ወይም ትንሽ መስኮት፣ ማለትም የትኛውም ጎኑ ከግማሽ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ ያስኬዳል። ለአዳማ ነፋስ የተጋለጠ የሳሎን ወይም የመኝታ ቤት መስኮት ከሆነ ግን መነሻዬ 4 ሚሊ ነው። አንድ ካሬ ሜትር ለሚጠጋ ወይም ለሚያልፍ ሰፊ መስታወት 5 ወይም 6 ሚሊ እመርጣለሁ፤ የመስታወቱ ስፋትና ቁመት እጥፍ ሲሆኑ ነፋሱ የሚያሳድርበት ጫና አራት እጥፍ ይሆናልና።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። የብረት መስኮት ከሆነ መስታወቱ የሚቀመጥበት እርከን ምን ያህል ጥልቀት አለው? አሉሚኒየም ከሆነ ጎማው ለስንት ሚሊ የተሠራ ነው? ወፍራም መስታወት ገዝቶ ከመጡ በኋላ መያዣው አልዘጋም ማለት የተለመደ ነው።

ተራ፣ ቴምፐርድ ወይስ ላሚኔትድ?

ተራው መስታወት ርካሽ ነው፤ ቆመው እየጠበቁ ይቆረጥልዎታል፣ በዚያው ቀን ይገጠማል። ጉድለቱ አሰባበሩ ነው። እንደ ቢላ የሾሉ ረጃጅም ስለቶች ይሆናል። ሰው ሊወድቅበት በማይችል፣ ከወገብ በላይ በሆነ የመኝታ ቤት መስኮት ላይ ተራው 4 ሚሊ ከበቂ በላይ ነው። ብዙ ቤት ከዚህ ሌላ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ «ዘመናዊው ይሻላል» በሚል ብቻ ገንዘብዎን አያውጡ።

ቴምፐርድ የሚባለው ተራው መስታወት ከ600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ተግሎ በአየር በፍጥነት የቀዘቀዘ ነው። ውጭው ቀድሞ ይረጋል፣ ውስጡ ዘግይቶ ሲረጋ ውጭውን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ጥንካሬው የሚመጣው ከዚህ ውጥረት ነው። ከተራው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይጠነክራል፤ ሲሰበርም እንደ ጥራጥሬ ይበተናል እንጂ ስለት አያወጣም። ነገር ግን ከተጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም። በሚሊ ሜትር ተለክቶ ታዝዞ መሠራት አለበት። ልኬቱ በ5 ሚሊ ቢሳሳት የሚስተካከልበት መንገድ የለም፤ ሌላ ማሠራት ነው። ደካማ ጎኑም ጠርዙ ነው። ፊቱን በጡጫ ቢመቱት የማይበገረው መስታወት ጠርዙ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲነካ ባንድ ጊዜ ሊበተን ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚያስመጡ ከሆነ መኪናው ላይ በምን ላይ ቆሞ እንደሚመጣ ይጠይቁ።

ላሚኔትድ ደግሞ የመኪና የፊት መስታወት ዓይነት ነው። ሁለት መስታወቶች በመሀላቸው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይዘው ተጣብቀዋል። ይሰነጠቃል፣ ግን አይወድቅም፤ ስባሪው ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሌባ ሰብሮ እጁን ማስገባት ይቸግረዋል፤ በኳስ ቢመታም ልጆቹ ላይ የሚረግፍ ነገር የለም። ሁለት መስታወት ስለሆነ ይከብዳል፣ ከተራው እጅግ ይወደዳል።

እንግዲህ ምርጫው እንዲህ ነው። መስታወቱ ከወለሉ ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ፣ በር ላይ ከሆነ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ደረጃ ግርጌ ከሆነ ሰው ተንሸራቶ ሊወድቅበት ይችላልና ተራውን እዚያ አይግጠሙ። እዚህ ላይ ስለ ዋጋ መከራከር አልፈልግም። ዳዴ የሚል ልጅ ያለበት ቤት በር ላይ ረጅም ተራ መስታወት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። በር ላይና መታጠቢያ ቤት ቴምፐርድ፤ ከመንገድ ወይም ከኳስ ሜዳ ትይዩ ወይም ሌባ በሚያሰጋበት ምድር ቤት ላሚኔትድ፤ የቀረው ሁሉ ተራ።

አቅም ካልፈቀደ መካከለኛ መንገድ አለ። ጥሩ ጥራት ያለው፣ ቀለም የሌለው የመከላከያ ስቲከር በውስጥ በኩል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ማስለጠፍ ነው። መስታወቱን አያጠነክረውም፤ ሲሰበር ግን ስባሪውን ይዞ ያስቀረዋል። የብረት ፍርግርግ ያለው መስኮት ከሆነ ደግሞ በፍርግርጉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ሽቦ ማሠር ኳሱን ቀድሞ ይመልሳል።

ስለ ፕላስቲኩ፣ ማለትም ስለ አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት፣ አጭር ቃል አለኝ። ክብደቱ ከመስታወት ግማሽ አይሞላም፣ ለመቁረጥም ቀላል ነው። ለአዳማ ግን አልመክረውም። አቧራችን ይጭረዋል፤ በደረቅ ጨርቅ በተጠረገ ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል። በሙቀትም ከመስታወት ስምንት እጥፍ ያህል ይሰፋል፦ አንድ ሜትር አክሪሊክ የሙቀቱ ልዩነት 30 ዲግሪ ሲሆን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ክፍተት ካልተተወለት ይጎብጣል። ዶሮ ቤት ላይ፣ የመጋዘን ጣሪያ ላይ ጥሩ ነው።

ውጭ የማያሳየው አበባማ መስታወት ለመታጠቢያ ቤት ነው፤ አንድ ነገር ብቻ፣ ለስላሳውን ፊት ወደሚቆሽሸው ወገን ያድርጉት፣ አቧራና ቅባት ሸካራው ውስጥ ገብቶ አይወጣም። አንጸባራቂው መስታወት ቀን ላይ ከውጭ ይጋርዳል፤ ማታ ውስጥ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ይገለበጥና ከውጭ ያለው ሰው ያይዎታል። ስለዚህ መጋረጃውን አያውልቁ።

በምን ይያዝ? ስቱኮ፣ ሲሊኮን ወይስ ጎማ?

የቀድሞው የብረትና የእንጨት መስኮት የሚያዘው በስቱኮ ነው። የመስታወት ስቱኮ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከተልባ ዘይት የተለወሰ ነው፤ ለግድግዳ ማለስለሻ ከሚሸጠው ስቱኮ ጋር በስም ብቻ ይገናኛሉ። የግድግዳውን መስኮት ላይ የለጠፈ ሰው ዝናብ ሲዘንብ ሲረግፍ ያየዋል። ሲገዙ «ለመስታወት» ብለው ይጠይቁ፤ እጅዎ ላይ ሲያሹትም ቅባትነቱ ሊሰማዎ ይገባል።

የስቱኮ ጥቅሙ ርካሽነቱና ስህተት ይቅር ባይነቱ ነው። አበላሽቼዋለሁ ካሉ ጠርገው መልሰው ይለጥፉታል። ቀለምም ይቀበላል። ጉድለቱ ጊዜ መፈለጉ ነው፤ ላዩ እስኪደርቅ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆይና ቀለም ይቀባል። ቀለሙ መስታወቱ ላይ 2 ሚሊ ያህል ተሻግሮ መቀባት አለበት፣ ውኃ በመሀላቸው እንዳይሰርግ። ቀለም ያልተቀባ ስቱኮ በእኛ ፀሐይ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ በስንጥቁ የክረምቱ ዝናብ ይገባል፣ ከዚያ ወደዚያ ዝገት እንመለሳለን። የእንጨት መስኮት ከሆነ ደግሞ ባዶውን እንጨት አስቀድመው ቀለም ወይም የተልባ ዘይት ያጠጡት፤ አለበለዚያ እንጨቱ ዘይቱን ከስቱኮው ይመጥና ደረቅ ዱቄት ያስቀርልዎታል።

ሲሊኮን በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ፀሐይ አያደርቀውም፣ መስኮቱ ሲላተምም እንደ ጎማ ምቱን ያበርዳል። ይህ ለነፋስ ከተማ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን ሁሉም ሲሊኮን አንድ አይደለም። ሲከፍቱት እንደ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ቀለም የሌለውን ብረት ያዝገዋል፣ የላሚኔትድ መስታወትንም ጠርዝ ያበላሻል። ለብረት መስኮትና ለላሚኔትድ ሽታ የሌለውን፣ ኒውትራል የሚባለውን ይግዙ። ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም። አቧራ ላይ አይጣበቅም። በአሮጌ ሲሊኮን ላይም አዲሱ አይዝም፤ ለወደፊት መስታወቱ እንደገና ሲቀየር የቀድሞው በምላጭ እየተላጠ መውጣት አለበት።

እኔ የመረጥኩት ሁለቱን ማዋሃድ አይደለም፤ አንዳንዶች ከውስጥ ሲሊኮን ከውጭ ስቱኮ ያደርጋሉ፣ ያ ለማንም አይበጅም። ቀጭን የብረት መያዣ በብሎን የሚታሰርበት መስኮት ከሆነ ኒውትራል ሲሊኮን፤ መያዣ የሌለው አሮጌ የብረት መስኮት ከሆነ ስቱኮ። አሉሚኒየም ከሆነ ጥያቄው አይነሳም፣ የራሱ ጎማ አለው። ጎማው ከደረቀና ማዕዘኑ ላይ ከተኮማተረ መስታወቱን ሲቀይሩ ጎማውንም አብረው ይቀይሩት። አሮጌውን ጎማ መልሶ መሸጎጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስንፍና ነው፤ በነፋስ ሲንቀጫቀጭ የሚያድረው መስኮት ያ ነው።

ልኬት

ሜትሩን በመስታወቱ ላይ ሳይሆን ባዶው እርከን ውስጥ ይዘርጉት። አሮጌው ስቱኮ በሙሉ ተፍቆ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ወርዶ፣ ብረቱ ፀረ ዝገት ቀለም ከተቀባና ከደረቀ በኋላ ማለት ነው። ስቱኮው ላይ የለካ ሰው መስታወቱ ያንሳል ወይም ይበልጣል።

ስፋቱን ከላይ፣ ከመሀልና ከታች ይለኩ። ለምሳሌ 598፣ 596 እና 597 ሚሊ ሜትር ቢያገኙ ትንሹን፣ 596ን ይያዙ። ከእሱ 4 ሚሊ ይቀንሱና 592 ብለው ያስቆርጡ፤ በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊ ክፍተት ይቀራል ማለት ነው። ቁመቱንም እንዲሁ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ይለኩ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ መስኮቱ ተንጋዷል፤ ልዩነቱ ከጥቂት ሚሊ ካለፈ ካርቶን ቆርጠው እርከኑ ውስጥ ያስገቡና ያንን ካርቶን ለቆራጩ ይውሰዱለት።

መስታወት ቤቱ ውስጥ ቆራጩ ሲሠራ ይመልከቱ። ጥሩ ቆራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ያሰምራል፤ እጁ ሳይቆም ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ ሐር ጨርቅ ሲቀደድ በሚመስል ድምፅ። በአንድ መስመር ላይ ሁለቴ የሚመላለስ ከሆነ ጠርዙ ይሸራረፋል፣ ከሸራፋው ደግሞ ነገ ስንጥቅ ይጀምራል። ጠርዙን በጣትዎ ሳይሆን በዓይንዎ ይፈትሹ፤ ሸራፋ ካለው አይቀበሉ። በድንጋይ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ሹል ጠርዙን እንዲያደበዝዝልዎም ይጠይቁ።

ሲጓዙ መስታወት ይቆማል እንጂ አይተኛም። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ አጋድሞ መያዝ በመጀመሪያው ጉድጓድ መሀሉን ይሰብረዋል። በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጠርዙን ለስላሳ ነገር ላይ አቁመው፣ በጓንት ይያዙት። ከ60 በ100 ለሚበልጥ መስታወት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ነፋሱ ሳይነሳም በጠዋት ይሂዱ። ሰፊ መስታወት በነፋስ መሀል እንደ ሸራ ይሆናል።

ራስዎ ወይስ ባለሙያ?

ምድር ቤት ያለ፣ ከካሬ ሜትር በታች የሆነ፣ ተራ 4 ሚሊ የሚገባበት የብረት ወይም የእንጨት መስኮት ከሆነ ራስዎ መሥራት ይችላሉ። ወፍራም ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ መሮና መዶሻ፣ ፒንሳ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ስፓቱላ ያስፈልጋል። የቀረውን ስባሪ በፕላስተር መስቀለኛ አድርገው ይለጥፉት፣ ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየነቀሉ ያውጡ። ከታች ጀምሮ የሚነቅል ሰው ላይ የላይኛው ስለት ይወርዳል። ከዚያ እርከኑ ላይ ስስ ስቱኮ ያንጥፉ፤ ከታች በሁለት ቦታ፣ ከየማዕዘኑ የስፋቱን ሩብ ያህል ገባ ብለው ትንንሽ የጎማ ወይም የእንጨት ቁራጭ ያስቀምጡና መስታወቱን በእነሱ ላይ ያቁሙት። መስታወት በብረት ላይ ፈጽሞ መቆም የለበትም። ሲጫኑት በጠርዙ በኩል እንጂ በመሀሉ አይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚወስደው መግጠሙ አይደለም፤ አሮጌውን ስቱኮ ማውጣቱና ዝገቱን መፋቁ ነው። እዚህ ላይ ነው ራስን መሥራት ከባለሙያ የሚበልጠው። በቀን ብዙ ቤት የሚዞር ሰው ያንን የሁለት ሰዓት ፍቅፈቃ ሊዘለው ይችላል፤ የራስዎ ቤት ስለሆነ ግን እርስዎ አይዘሉትም።

ፎቅ ላይ ከሆነ፣ ቴምፐርድ ወይም ላሚኔትድ ከሆነ፣ ወይም ፍሬሙ በመበየድ መቃናት ካለበት ባለሙያ ይጥሩ። ሲጠሩ ግን ሦስት ነገሮችን ከዋጋው በፊት ይነጋገሩ፦ ዝገቱን ይፈቅ እንደሆነ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ እንደሆነ፣ መስታወቱ ስንት ሚሊ እንደሆነ። የመጨረሻውን ሲረከቡ በሜትር ጠርዙን ይለኩት። እኔ አንድ ጊዜ 5 ሚሊ ብዬ ከፍዬ 4 ሚሊ ተገጥሞልኛል፤ ያወቅሁት ከተሰበረ በኋላ ስባሪውን ስለካ ነው።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ የስንጥቁን ፎቶ ለአከራይዎ ያሳዩ። የሰበረው ኳስ ከሆነ የእርስዎ ልጅ ኳስ ነው፣ ይክፈሉ። የሰበረው ዝገት ከሆነ ግን ቤቱ ነው፤ ይህንን በአክብሮት መናገር ነውር የለውም።

ያን ቀን ማታ

መስታወቱ የተሰበረው አመሻሽ ላይ ከሆነና ሱቁ ከተዘጋ ፍሬሙ ላይ የቀረውን ስለት አውጥተው ከውጭ በኩል ላስቲክ፣ ከውስጥ በኩል ኮምፔንሳቶ ወይም ወፍራም ካርቶን ይሰሩበት። ላስቲክ ብቻውን በአዳማ ነፋስ አንድ ሌሊት አያድርም። ፎቅ ላይ የሚኖሩ ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ወደ ታች ወርደው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሰው ያስነሱ።

ወለሉን በመጥረጊያ ከጠረጉ በኋላ እርጥብ ጋዜጣ ወይም የራሰ ጨርቅ እየተጫኑ ይጥረጉት፤ ዓይን የማያየውን ቅንጣት የሚያነሳው እርጥበቱ ነው፤ ጨርቁንም አብረው ይጣሉት። መብራት አጥፍተው የስልክ ባትሪ ወለሉ ላይ አጋድመው ቢያበሩ የቀረው ሁሉ ያብለጨልጫል። ልጆች እስከ ማግስቱ በባዶ እግር አይግቡ።

ስብርባሪውን ከጠርሙስ ጋር ለቆራሌው አይስጡ፤ የመስኮት መስታወትና የጠርሙስ ቅይጥ የተለያየ ስለሆነ መቀላቀል የለበትም። በፌስታል ውስጥም አይጣሉት። ቆሻሻችንን በየሳምንቱ የሚያነሱልን ወጣቶች ፌስታሉን በባዶ እጃቸው ጨብጠው ነው የሚያነሱት። በካርቶን ውስጥ ያድርጉት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉት፣ ላዩ ላይ በትልቁ «መስታወት» ብለው ይጻፉበት፤ ሊወስዱ ሲመጡም በር ላይ ወጥተው በእጅዎ ያስረክቧቸው።